ሚናቶ ሚራይን በእግር፦ የዮኮሃማን አዲስ የባሕር ዳርቻ ሠፈር ለመጎብኘት ዝርዝር መመሪያ

ለሥልጠና፣ ለስብሰባ ወይም ለጉብኝት ቶኪዮ ደርሰው አንድ ትርፍ ቀን ካገኙ፣ ሳላመነታ የምመክርዎት ቦታ ከዋና ከተማዋ በስተደቡብ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ርቃ የምትገኘው ዮኮሃማ ናት። በዮኮሃማ ውስጥ ደግሞ ሚናቶ ሚራይ 21 የሚባለው የባሕር ዳርቻ ሠፈር። ሠፈሩ 186 ሄክታር ስፋት አለው፤ ከፊሉም ባሕር ተሞልቶ የተገኘ መሬት ነው። ግንባታው በ1983 ሲጀመር ቦታው የሚትሱቢሺ የመርከብ ግንባታ ግቢ፣ የዕቃ ባቡር ማራገፊያና የወደብ መጋዘኖች የነበሩበት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

አብዛኛው ጎብኚ ከባቡር እንደወረደ በቀጥታ ወደ ሰማይ ጠቀሱ ሕንፃና ወደ ገበያ አዳራሾቹ ያመራል፤ አመሻሽ ላይ ፎቶግራፍ አንስቶ ይመለሳል። እንዲህ ያደረገ ሰው ያየው የትኛውም ሀብታም ከተማ ያለውን ነገር ነው። ሚናቶ ሚራይን ልዩ የሚያደርገው በመስታወቱ ሥር ያለው ድንጋይ፣ ሐዲድና ጡብ ነው። ከተማዋ ድሮ የምትተዳደርበትን ወደብ ጠራርጋ አልጣለችውም፤ በአዲሱ ሠፈር መካከል አስቀምጣዋለች። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመርከብ መጠገኛው ተነሥቶ በባቡር መስመሩና በመጋዘኖቹ በኩል አድርጎ ጀምበር ስትጠልቅ ባሕሩ ላይ ያደርስዎታል። ቅደም ተከተሉን ባይቀይሩት ደስ ይለኛል።

ከመነሣትዎ በፊት

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ወደ ጃፓን ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ያለ ሰው በዚያው ለጃፓን ኤምባሲ ያመለክታል፤ በሌላ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ደግሞ በሚኖርበት አገር ያለውን ኤምባሲ ይጠይቃል። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዙ ወገኖች ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቁም።

ወቅቱን ሲመርጡ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያለውን የዝናብ ጊዜ ቢያስቀሩት ይሻላል። ነሐሴ ሙቀቱና ወበቁ ለእግር ጉዞ አይመችም፤ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ደግሞ አውሎ ነፋስ ሊያጋጥም ይችላል። የእኔ ምርጫ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ አየሩ ደረቅና ጥርት ያለ ስለሚሆን የፉጂ ተራራ ከሩቅ የሚታይበት ቀን ይበዛል። የቼሪ አበባ ለማየት የሚሄድ ሰው የመጋቢትን መጨረሻ ወይም የሚያዝያን መጀመሪያ ይያዝ።

የሳምንቱ ቀን ብዙዎች የማያስቡበት ጉዳይ ነው። የኒፖን ማሩ መርከብ ሙዚየም ሰኞ፣ የኑድል ሙዚየሙ ማክሰኞ፣ የሥዕል ሙዚየሙ ሐሙስ ይዘጋሉ። የመዝናኛ መናፈሻውም አብዛኛውን ጊዜ ሐሙስ ያርፋል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የቶኪዮ ሕዝብ ይጎርፋል። የሚቀሩት ረቡዕና ዓርብ ናቸው። ለኦርቶዶክስ አማኝ ሁለቱም የጾም ቀናት ስለሆኑ የምግቡን ነገር ቀድሞ ማሰብ ይጠይቃል፤ ወደ እሱ ኋላ እመለሳለሁ።

ስለ ሰዓት አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎት። ጃፓን ከኢትዮጵያ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከሌላው ዓለም የሚለየው በዚያው በስድስት ሰዓት ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ አቆጣጠር የተሞላ ባለ መርፌ የእጅ ሰዓት ይዘው ዮኮሃማ ቢወርዱ፣ መርፌውን ሳይነኩት የጃፓንን ሰዓት ያሳይዎታል። እቤት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዮኮሃማ ላይ 14:00 ነው፤ መርፌው ያው 2 ላይ ነው። የባቡር ሰሌዳዎች በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሚጻፉ ከዚህ በታች እኔም እንደዚያው እጽፋለሁ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ብር እዚያ አይመነዘርም፤ ዶላር ወይም በውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ይያዙ። ሰቨን ኢለቨን በተባሉት ሱቆች ውስጥ ያሉት የባንክ ማሽኖች የውጭ ካርድ ይቀበላሉ። ሱዊካ ወይም ፓስሞ የተባለውን የጉዞ ካርድ ገዝተው ጥቂት ሺህ የን ከሞሉበት ባቡሩን፣ አውቶቡሱንና አብዛኛውን ሱቅ በአንድ ካርድ ይጨርሱታል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዋጋዎች ለግምት ያህል ናቸው፤ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይስተካከላሉ።

ወደ ዮኮሃማ መድረስ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል አድርጎ ቶኪዮ ናሪታ ያርፋል። ከናሪታ ወደ ዮኮሃማ ናሪታ ኤክስፕረስ የተባለው ፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ለገንዘባቸው የሚሳሱ ሰዎች የተለመደውን የጄአር (የጃፓን ባቡር ኩባንያ) ባቡር ይያዙ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ዋጋው ግን ከፈጣኑ ግማሽ ያንሳል። ሻንጣ የበዛበት ሰው በአውቶቡስ ቢሄድ ይቀለዋል። ሐኔዳ አየር ማረፊያ ከወረዱ ዕድለኛ ነዎት፤ በኬይኪዩ መስመር ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳሉ።

ቶኪዮ ከተማ ውስጥ ላረፈ ሰው ሁለት ምርጫ አለ። የመጀመሪያው ከሺቡያ ተነሥቶ በቶኪዩ ቶዮኮ መስመር ሳይወርዱ እስከ ሚናቶ ሚራይ ጣቢያ መሄድ ነው፤ ከ2004 ጀምሮ ባቡሩ በቀጥታ ይገባል። ሁለተኛው ጄአር ይዞ ሳኩራጊቾ ጣቢያ መውረድ ነው። የዛሬውን ጉዞ የምንጀምረው ከሁለተኛው ነው፤ ከሺቡያ የሚመጣም ሰው ዮኮሃማ ጣቢያ ላይ ወርዶ ወደ ጄአር ቢቀይር አንድ ፌርማታ ብቻ ነው የሚቀረው።

ደረጃ 1፦ ሳኩራጊቾ

በሰኔና በሐምሌ ጀምበር የምትጠልቀው 19:00 ገደማ ስለሆነ 14:00 ላይ ቢጀምሩ ይበቃል፤ በታኅሣሥ ግን 16:30 ላይ ትጠልቃለችና ከቀትር በፊት ይነሡ። የጉዞው ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሠፈሩ በብርሃንም በመብራትም መታየት አለበት።

ሳኩራጊቾ ተራ ጣቢያ ይመስላል። ይሁንና በ1872 የጃፓን የመጀመሪያው የባቡር መስመር ከቶኪዮ ሺምባሺ ተነሥቶ የደረሰው እዚህ ነው፤ የዮኮሃማ ጣቢያ ሲባል የነበረውም ይኼው ቦታ ነበር። ወደቡ ለውጭ ንግድ የተከፈተው ከዚያ በፊት በ1859 ነው። ከጣቢያው ሲወጡ በስተቀኝ የኬብል መኪና ያያሉ፤ በ2021 ሥራ የጀመረው የዮኮሃማ ኤር ካቢን ነው። 630 ሜትር ያህሉን ርቀት በአምስት ደቂቃ ለመሻገር 1,000 የን ገደማ ይከፈላል። እግርዎ ደኅና ከሆነ ይለፉት፤ ከሥሩ ያለው የእግር መንገድ በነጻ የሚሰጠው ነገር ይበልጣል። አረጋዊ ወይም ሕፃን ይዘው ከመጡ ግን ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም።

ደረጃ 2፦ መርከቡና የድንጋዩ ገንዳ

ከጣቢያው ጥቂት ደቂቃ እንደተራመዱ አራት ምሰሶ ያለው ነጭ መርከብ ከፊትዎ ይቆማል። ኒፖን ማሩ ይባላል። በ1930 ተሠርቶ እስከ 1984 ድረስ ከ11,000 በላይ ወጣት መርከበኞችን አሠልጥኗል። አሁን የተቀመጠበት ውኃ የተራ ገንዳ እንዳይመስልዎት፤ የቀድሞው የመርከብ ግንባታ ኩባንያ አንደኛ የመጠገኛ ገንዳ ነው። ትኬት ቆርጠው ይግቡ፤ የሠልጣኞቹን ጠባብ መኝታ፣ የካፒቴኑን ክፍልና የሞተሩን ቦታ ያያሉ። በዓመት 12 ጊዜ ያህል በጎ ፈቃደኞች ምሰሶው ላይ ወጥተው 29ኙንም ሸራ ይዘረጋሉ። ቀኑ አስቀድሞ ስለሚነገር ጉዞዎን ከዚያ ጋር ማገጣጠም ከቻሉ አያመንቱ።

ከዚያ ወደ ላንድማርክ ታወር ይሂዱ፤ ወደ ላይ ግን ገና አይመልከቱ። በሕንፃው እግር ሥር ዶክያርድ ጋርደን የሚባል ጥልቅ የድንጋይ ጉድጓድ አለ። ይህ በ1896 የተሠራው ሁለተኛው የመጠገኛ ገንዳ ነው፤ በጃፓን ከቀሩት የንግድ መርከብ መጠገኛ የድንጋይ ገንዳዎች በዕድሜ የሚበልጠው የለም። ሰማይ ጠቀሱ ሲሠራ ድንጋዩ ተነቅሎ እንደገና ተገጣጥሟል፤ በ1997 በአገሪቱ ጠቃሚ የባህል ቅርስነት ተመዝግቧል።

በደረጃው ወርደው ወለሉ ላይ ይቁሙ። ሁለቱ ግድግዳዎች እንደ ስታዲየም መቀመጫ እርከን እርከን እየሠሩ ወደ ላይ ይሰፋሉ፤ እርከኖቹ ሠራተኞች ቆመው የመርከቡን ሆድ የሚጠግኑባቸው፣ መርከቡን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ግንዶችም የሚደገፉባቸው ነበሩ። ድንጋዩን በእጅዎ ይንኩት። ጠርዙ እንዴት እንደተጠረበ፣ አንዱ ከአንዱ ጋር እንዴት እንደገጠመ ልብ ይበሉ። ከዚያ ቀና ሲሉ 296 ሜትር ቁመት ያለው ሕንፃ ከእርስዎ በላይ ቆሟል። ያን ጊዜ ከፍታው ትርጉም ይኖረዋል።

ደረጃ 3፦ ሰማይ ጠቀሱና የገበያ አዳራሾቹ

ላንድማርክ ታወር በ1993 ተከፍቶ እስከ 2014 ድረስ የጃፓን ረጅሙ ሕንፃ ነበር። 69ኛው ፎቅ ላይ ያለው መመልከቻ ስመ ጥር ነው፤ አሳንሰሩ በ40 ሰኮንድ ገደማ ያደርሳል። ሆኖም ለእድሳት ለረጅም ጊዜ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ ክፍት መሆኑን በድረ ገጹ ሳያረጋግጡ ዕቅድ አይያዙበት። ተዘግቶ ቢያገኙትም አይዘኑ፤ የዛሬው ምርጥ እይታ መሬት ላይ ነው።

ቀጥሎ ያለው ክዊንስ ስኩዌር የገበያ አዳራሽ ነው፤ የሚገዛ ነገር ከሌለዎት በአሥር ደቂቃ ይለፉት። የሥዕል ወዳጅ ከሆኑ ግን ኬንዞ ታንጌ የነደፈው የዮኮሃማ የሥዕል ሙዚየም ከአጠገቡ ነው፤ ከረጅም እድሳት በኋላ በ2025 ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል። በባሕሩ በኩል ደግሞ ፓሲፊኮ ዮኮሃማ የሚባለው የስብሰባ ማዕከልና የሸራ ቅርጽ ያለው ሆቴል ይታያሉ። ቲካድ የተባለው የጃፓንና የአፍሪካ የልማት ጉባኤ በ2008፣ በ2013፣ በ2019 እና በ2025 የተካሄደው በዚችው ከተማ ስለሆነ የብዙ ኢትዮጵያውያን እግር ይህን ዳርቻ ረግጦታል።

ደረጃ 4፦ ኪሻሚቺ፣ የባቡሩ መንገድ

አሁን ወደ ኒፖን ማሩ ተመልሰው ውኃውን ወደሚያቋርጠው ጠባብ መንገድ ይግቡ። ኪሻሚቺ 500 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በ1911 የተከፈተው የዕቃ ባቡር መስመር እዚህ ላይ ያልፍ ነበር፤ በ1997 ለእግረኛ ተሰጠ። ሐዲዱ አልተነቀለም፤ ወለሉ ውስጥ እንደተቀበረ ፊት ለፊትዎ ተዘርግቶ ይመራዎታል። ከሦስቱ ድልድዮች ሁለቱ በ1907 አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ የብረት ድልድዮች ናቸው፤ ቀረብ ብለው ብረቱ የተያያዘባቸውን ብሎኖች ይመልከቱ።

ይህን መንገድ በችኮላ የሚያልፍ ሰው ይጎዳል። በግራ በኩል ሰው የሚሳፈርበት ግዙፉ መንኮራኩርና ሕንፃዎቹ ውኃው ላይ ይታያሉ፤ ነፋሱ የባሕር ሽታ ይዞ ይመጣል። መቀመጫዎች አሉ፤ ውኃ ጠጥተው ትንሽ ይረፉ። የቆሻሻ መጣያ ግን አይፈልጉ፤ በጃፓን ጎዳናዎች እምብዛም አይገኝም። ከቤትዎ አንድ ፌስታል ይዘው ይምጡና ቆሻሻዎን ይዘው ይዙሩ። እየተራመዱ ማጨስም ክልክል ነው።

ደረጃ 5፦ በሺንኮ ደሴት ላይ የሚመረጡ ሦስት ነገሮች

መንገዱ ሲያልቅ ሺንኮ የተባለው ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ነዎት። እዚህ ሁሉንም ልይ ካሉ ጀምበሯ ታመልጥዎታለች፤ ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ።

ልጆች ይዘው ከሆነ ኮስሞ ወርልድ የተባለው መዝናኛ ይሻላል። መግቢያው ነጻ ነው፤ የሚከፈለው ለሚሳፈሩበት ጨዋታ ብቻ ነው። ኮስሞ ክሎክ 21 የተባለው መንኮራኩር 112.5 ሜትር ከፍታና 60 ሳጥኖች አሉት፤ አንድ ዙር 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ 1,000 የን ገደማ ይከፈልበታል። መሐሉ ላይ ያለው ትልቅ ሰዓት ከየትም ስለሚታይ ቡድን ይዞ ለሚሄድ ሰው መቀጣጠሪያ ይሆናል።

ታዳጊዎች ካሉ የካፕ ኑድልስ ሙዚየም አለ። መሥራቹ ሞሞፉኩ አንዶ በ1958 ፈጣኑን ኑድል፣ በ1971 ደግሞ በብርጭቆ የሚሸጠውን ፈጠረ። ጎብኚ የራሱን የወረቀት ብርጭቆ አስጊጦ ሾርባውንና ማጣፈጫውን መርጦ ያሸጋል። ነገር ግን ሾርባውና ሥጋው የአሳማ ተዋጽኦ ያለባቸው ስለሆኑ ለሙስሊምም ሆነ ለኦርቶዶክስ ስጦታ አይሆንም፤ ይህን ለልጆቹ ቀድመው ይንገሯቸው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ እኔ ግን የማደላው ወደ እሱ ነው። የጃይካ (የጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት) ዮኮሃማ ማዕከል እዚያው ይገኛል። ጃይካ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ካይዘን የተባለው የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ወደ ኢትዮጵያ ፋብሪካዎች የገባው በእሱ ድጋፍ ነው። በማዕከሉ ውስጥ ያለው የጃፓናውያን የስደት ሙዚየም በነጻ ይጎበኛል። በ1868 ከዮኮሃማ ተሳፍረው ወደ ሐዋይ ለሸንኮራ እርሻ ከሄዱት 150 ያህል ሰዎች ጀምሮ፣ በብራዚልና በፔሩ የተበተኑትን የሚተርክ ነው። ዛሬ ሀብታም የሆነች አገር ልጆቿን ለቀን ሥራ ትልክ እንደነበር የሻንጣዎቹንና የፎቶግራፎቹን ፊት እያዩ መረዳት፣ ዘመድ በባሕር ማዶ ያለው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ልቡን የሚነካው ነገር ነው። ሠራተኞችና ሠልጣኞች የሚመገቡበት ካፌም ለውጭ ሰው ክፍት ነው፤ ባሕሩን እያዩ ይበላሉ።

ደረጃ 6፦ ቀይ የጡብ መጋዘኖች

ከጃይካ አምስት ደቂቃ ያህል ሲራመዱ አካ ሬንጋ ይደርሳሉ። ሁለተኛው መጋዘን በ1911፣ አንደኛው በ1913 ተጠናቀቁ፤ የጉምሩክ ዕቃ ማከማቻዎች ነበሩ። አንደኛው ከሁለተኛው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር ልብ ይበሉ። መስከረም 1 ቀን 1923 የደረሰው ታላቁ የካንቶ ርዕደ መሬት ግማሹን አፍርሶታል። የቀረው የተረፈው ጡቡ ውስጥ ብረት ስለተቀበረበት ነው። እስከ 1989 በመጋዘንነት አገልግለው በ2002 ለሕዝብ ተከፈቱ፤ ዛሬ ሱቆች፣ ምግብ ቤቶችና የትርኢት አዳራሽ ናቸው።

ከውስጥ ይልቅ ውጪውን ያጢኑ፤ የብረት በሮቹን፣ በረንዳዎቹን፣ በአቅራቢያው የቀረውን የአሮጌ ባቡር ጣቢያ መድረክ። በታኅሣሥ በሁለቱ መጋዘኖች መካከል የገና ገበያ ይቆማል፤ ደስ ይላል፣ ግን መተላለፊያ እስኪጠፋ ይሞላል።

ዛሬም ርዕደ መሬት ሊያጋጥም እንደሚችል አይርሱ። መሬት ሲንቀጠቀጥ ከመስታወት ራቅ ይበሉ፤ ከቆመ በኋላ የአካባቢውን ሰው ተከትለው ከዳርቻው ወደ ከፍታ ይሂዱ። የሱናሚ መሸሻ ምልክቶች ተለጥፈዋል።

ደረጃ 7፦ ኦሳንባሺ ላይ ማምሸት

ጀምበር ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት በፊት ከመጋዘኖቹ ተነሥተው በከፍታው የእግረኛ መንገድ ወደ ዞኖሐና መናፈሻ ይሂዱ። የጥንቱ የወደብ ግድብ የዝሆን ኩምቢ መስሎ ወደ ባሕር የሚታጠፈው እዚያ ነው። ጥቂት አልፎ ኦሳንባሺ ይመጣል፤ የዓለም አቀፍ የመንገደኞች መርከብ ማረፊያ ነው። የመጀመሪያው የመርከብ ማረፊያ በ1894 ተሠራ፤ የአሁኑ በ2002 ተጠናቀቀ። ጣራው ላይ መውጣት ቀንም ሌሊትም ነጻ ነው።

የዮኮሃማ ሰዎች ጣራውን የዓሣ ነባሪ ጀርባ ይሉታል። ደረጃ የሚባል ሳይወጡ በእንጨት ወለሉ ላይ ሲራመዱ መሬቱ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ይጠመዘዛል፤ ጣራ ላይ መሆንዎን የሚያውቁት ባሕሩ በሦስት ወገን ሲከብብዎ ነው። እንጨቱ በዝናብ ጊዜ ያንሸራትታል፣ ነፋሱም በብርድ ወራት አጥንት ይሰብራልና ካፖርት ይያዙ። ጫፉ ድረስ ሄደው ወደ ኋላ ይዙሩ። ያለፉበት መንገድ በሙሉ በአንድ እይታ ተደርድሯል፦ ቀይ መጋዘኖቹ፣ መንኮራኩሩ፣ ሸራ መሳዩ ሆቴል፣ ሰማይ ጠቀሱ። ብርሃኑ ሲቀንስ መብራቶቹ አንድ በአንድ ይበራሉ። ፎቶግራፍ የሚያነሡ ከሆነ ምርጡ ጊዜ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ያለው 20 ደቂቃ ነው፤ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ስለሆነ ሕንፃዎቹ ከጨለማው ጋር አይዋሐዱም። በአዲስ ዓመት ዋዜማ የመጣ ሰው ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ወደቡ ውስጥ ያሉት መርከቦች በሙሉ ጥሩንባቸውን ሲነፉ ይሰማል።

ስለ ምግብ

ራመን የተባለው የኑድል ሾርባ በብዛት በአሳማ አጥንት መረቅ ይሠራል። የዮኮሃማ መለያ የሆነው፣ በስስ ሊጥ የሚጠቀለለው ሹማይም አሳማ አለበት። «ቡታኒኩ ዋ ታቤማሰን» ማለት የአሳማ ሥጋ አልበላም ማለት ነው፤ ይህን በቃልዎ ይያዙ። ለጾመኛ ያለው ፈተና ሌላ ነው፤ አትክልት የሚመስለው ሾርባና ሶስ በዓሣ መረቅ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ዓሣ የሚበላ ጾመኛ አይቸገርም፤ ጨርሶ የማይበላ ግን ከማንኛውም ትንሽ ሱቅ ኡሜ የተባለው ኮምጣጣ ፍሬ ያለበትን የሩዝ ጥቅል፣ ፍራፍሬና የተቀቀለ አኩሪ አተር ይግዛ፤ በብርድ ወራት የተጠበሰ ስኳር ድንችም ይገኛል። የህንድና የኔፓል ምግብ ቤቶች ምስር ወጥ የሚመስል ስለሚያቀርቡ ለእኛ አፍ ይስማማሉ፤ ቅቤ እንዳይጨምሩ ብቻ ይጠይቁ። ጉርሻ መስጠት አልተለመደም፤ ቢሰጡም ተከትለው ይመልሱልዎታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የቆዩ መመሪያዎች ያማሺታ ወደብ ላይ የሚንቀሳቀስ ግዙፍ የጋንዳም ሮቦት እንዳለ ይጽፋሉ። በመጋቢት 2024 ተዘግቷል፤ ልጆችን በእሱ ተስፋ አይውሰዱ።

መመለስ

ከኦሳንባሺ ቅርቡ ጣቢያ ኒሆን ኦዶሪ ነው። ጉልበት ከቀረዎት ግን በባሕሩ ዳር 15 ደቂቃ ያህል በያማሺታ መናፈሻ በኩል ይራመዱ፤ መናፈሻው በ1923ቱ ርዕደ መሬት ፍርስራሽ ላይ ተደልድሎ በ1930 የተከፈተ ነው። ከዚያ ሞቶማቺ ቹካጋይ ጣቢያ ይግቡ። ይህ የመስመሩ መነሻ ስለሆነ ባቡሩ ባዶውን ይቆማል፤ እስከ ሺቡያ ድረስ ተቀምጠው ይሄዳሉ። ፈጣኑን ባቡር ይምረጡ፤ የመጨረሻው ባቡር እኩለ ሌሊት ገደማ ስለሚያልፍ ከ23:00 በፊት ጣቢያ ይድረሱ። ባቡር ውስጥ ስልክ አይነጋገሩ፤ ካርድዎ ላይ ሒሳብ ካነሰ መውጫው በር አጠገብ ባለው ማሽን ይሙሉት።